ላሜራ፣ ድንጋይና የሽመና ዕቃ፦ ከደብረ ብርሃን የኖይዝ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6

ዛሬ ተጀመረ። አምስት ነን። እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። አንዱ በያጅ ነው። አንዷ ሠዓሊ ናት። አንዱ ፊዚክስ ይማራል። አንዱ ደግሞ የመንዝ ልጅ ነው፣ አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ማታ ማታ በያጁ ጋራዥ እየተሰበሰብን ድምፅ ስንሠራ ቆይተናል። ኖይዝ ነው የምንለው። ዜማ የለውም። የዕቃ ድምፅ ነው፣ የኤሌክትሪክ ድምፅ ነው፣ የክፍል ድምፅ ነው። ፖስተር አንለጥፍም፤ ሰው የሚመጣው በሰው ነው።

እስካሁን ብዙውን ድምፅ ከኢንተርኔት እያወረድን ነበር የምንሠራው። ዘንድሮ ይብቃ ብለናል። ከጥምቀት በኋላ በምናደርገው ዝግጅት የሚሰማው ሁሉ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ይሆናል። ሦስት ነገር መረጥን፤ ላሜራ፣ ድንጋይና የሽመና ዕቃ። ለሦስቱም ኮንታክት ማይክ ያስፈልጋል። ይሄ ማይክ አየር ላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም፤ የሚሰማው የተለጠፈበትን ዕቃ ንዝረት ነው። ገዝተን አንችለውም፣ እንሠራዋለን።

ጥቅምት 9፣ ፒዞ

ከተበላሹ የጠረጴዛ ሰዓቶች፣ ከልጆች መጫወቻና ከሞተር ሳይክል አላርም ለማይኩ የሚሆን 11 ፒዞ አወጣሁ። ስድስቱ 27 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ እነሱ ናቸው ጥሩዎቹ። ክብ ነሐስ ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ሴራሚክ ተለጥፎበታል። ሴራሚኩ ትንሽ ሲጎብጥ ቮልት ያወጣል። የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ነገር ነው።

ሦስቱን አበላሸሁ። ሶልደር ስሠራ ብረቱን ሴራሚኩ ላይ አቆየሁት። ላዩ ላይ ያለው ስስ የብር ሽፋን ተላጦ ከብረቱ ጋር መጣ። አንዴ ከተላጠ ሶልደር አይዝም፣ ይጣላል። ቀጥሎ የሞከርኩት ይሄን ነው፦ መጀመሪያ ሽቦውን ብቻ ሶልደር አቀባዋለሁ፣ ሴራሚኩን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብዬ አጸዳዋለሁ፣ ከዚያ አንድ ሰከንድ ነካ አድርጌ አነሳለሁ። የቀሩት ስምንቱ ሳይበላሹ ወጡ።

ጥቅምት 14

ድምፁ ቀጭን ነው። ላሜራ ቢመታ፣ ጠረጴዛ ቢመታ፣ ሁሉም የጣሳ ድምፅ ይሰጣል። ፒዞው መጥፎ ነው ብዬ ሁለት ቀን ስቀያይር ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የፒዞው አልነበረም።

የፊዚክሱ ልጅ ወረቀት ላይ ሠራው። የኛ ፒዞ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙ ወደ 20 ናኖፋራድ ነው። የሚክሰራችን፣ ድምፆችን የሚያቀላቅለው ዕቃ፣ የላይን መግቢያው ተቃውሞ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም። ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ሁሉ እዚያ ነው የቀረው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ግን ድምፁ መሳሳት የሚጀምርበት ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ከሰው ጆሮ በታች ነው። ስለዚህ በፒዞውና በሚክሰሩ መካከል ባፈር፣ የፒዞውን ድምፅ ሳያሳሳ የሚያሻግር ትንሽ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ቲኤል 072 የምትባል አይሲ ትበቃለች።

እዚህ ከተማ ግን አላገኘናትም።

ጥቅምት 20፣ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ማለዳ ወጥቼ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በሰንዳፋ አድርጌ ላምበረት ወረድኩ። ከዚያ መርካቶ። ወጪው ይኸውና፤ ትራንስፖርት 640 ብር፣ ስድስት አይሲ 540፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር 310፣ ስምንት ሜትር ሺልድ (መከላከያ ልባስ) ያለው ገመድ 720፣ ጃክ 480። ምናለሽ ተራ ገብቼ ደግሞ ሁለት አሮጌ የካሴት ማጫወቻ በ900 ብር ገዛሁ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ለመለዋወጫ።

እዚያ ገበያ ቸኩሎ መግዛት አያዋጣም። ሰውየው «ይሠራል» አለኝ። ባትሪ ይዤ ስለነበር እዚያው ሞከርኩት፣ አልሠራም። ሦስተኛው ነው የሠራው።

ጥቅምት 27፣ ባፈሩ

አራት ባፈር ሠራሁ። በ9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠሩት። ሁለት ባለ 100 ኪሎ ሬዚስተር ቮልቱን ለሁለት ይከፍላሉ፣ አንድ ባለ 1 ሜጋ ወደ መግቢያው ይሄዳል፣ መውጫው ላይ 10 ማይክሮፋራድ አለ። ሌላ ነገር የለውም። ሣጥኑ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ከግራውንድ ጋር ስለተያያዘ ሺልድም ይሆናል።

መጀመሪያ የመታነው የጋራዡን በር ነው። ከበሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በያጁ ያንን በር ራሱ ነው የሠራው፤ ስምንት ዓመት ከፍቶ ዘግቶታል። ሄድፎኑን አድርጎ በጥፍሩ ጫር ጫር እያደረገ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ቆመ።

የቀረው ችግር የመብራት እምምታ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ገመድና ፒዞ እንደ አንቴና ሆነው ይሰበስቡታል። ፒዞውን በናስትሮ ሸፈንኩት፣ በላዩ የምግብ ፎይል ጠቀለልኩ፣ ፎይሉን ከገመዱ ሺልድ ጋር አገናኘሁ። ከናስትሮው በፊት ፎይሉን ያደረግሁበት አንዱ ሾርት ሆኖ ጸጥ አለ። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፤ ናስትሮ፣ ፎይል፣ ከዚያ እንደገና ናስትሮ። እምምታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ከሥራው ድምፅ በታች ወርዷል።

ኅዳር 5፣ ላሜራ

ከበያጁ 1 በ2 ሜትር የሆነ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተዋስን። ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል። የሰጠን በአንድ ቃል ነው፤ አይበሳም። በኋላ በር ሊሠራበት ነው፣ ልክም ነው።

ሐሳቡ የኛ አይደለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1957 ኢኤምቲ 140 ብለው ያወጡት የማሚቶ መሣሪያ በፍሬም ውስጥ በሞላ የተወጠረ ትልቅ የብረት ላሜራ ነበር። በአንድ በኩል ድምፅ ይገባበታል፣ በሌላ በኩል ንዝረቱ ይለቀማል። ስቱዲዮዎች ለዘመናት ተጠቅመውበታል። እኛም ከቱቦላሬ ፍሬም በየድን። ላሜራው ስለማይበሳ በአራቱም ጥግ በመቆንጠጫ ያዝነው፣ መቆንጠጫውን በሶፋ ሞላ ወደ ፍሬሙ ወጠርነው። መጀመሪያ የሞከርነው የመኪና መቀመጫ ሞላ ነበር። እሱ በጣም ስለሚጠነክር ድምፁን አፈነው።

ድምፅ ማስገቢያው የአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር ነው። ወረቀቱን ቆርጬ የሽቦ ጥምጥሙ መሀል ላይ ትንሽ ቡሎን በኢፖክሲ አጣበቅሁ፣ የቡሎኑን ጫፍ ደግሞ ላሜራው ላይ። ኢፖክሲው በሁለት ቀን አልደረቀም። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጭ ጀምሯል። ሙጫ ብርድ አይወድም። በሩን ከፍተን ከሰል አቀጣጥለን አጠገቡ አደረግን። በር ሳይከፈት ከሰል ማንደድ እንደማይገባ እዚህ የማያውቅ የለም፤ ግን ሥራ ሲይዘን እንረሳለን፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። በአራት ሰዓት ጠነከረ።

ማታ ሠዓሊዋ ላሜራው ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ ስሟን ተናገረች። ድምፁ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ረዝሞ ወጣ። ትልቅ ዋሻ ውስጥ ያለን መሰለን። የመንዙ ልጅ «ጣርማበር» አለ። በጣርማበር ዋሻ ውስጥ ያለፈ ሰው ይገባዋል።

ኅዳር 8

ይሄን ቀን ሳልጽፈው አላልፍም። ላሜራውን ስናዞር አንዱ መቆንጠጫ አመለጠ። ጥጉ ሲሚንቶውን መታ። ስፒከሩ ክፍት ነበር። ድምፁ እንደ ተኩስ ወጣ።

ከግድግዳው ባሻገር ያሉት ጎረቤታችን ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ወደ ቤት ሲያስገቡ ሰማን። ሁሉንም ዕቃ አጠፋን። ጠዋት ሄጄ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኛ ዕቃ ነው የወደቀው» አልኳቸው። «ልጄ፣ የናንተ መሆኑን ብናውቅ ምን ነበረበት» አሉኝ። ቡና አፈሉ። ትንሿ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ አልለቅ ብላ ነበር።

በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ድንገተኛ ድምፅ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነበረብን። ኖይዝ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አድማጭን ማስደንገጥ ይወዳሉ። እኛ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሕግ አለን። ማንኛውም ድምፅ ከዝቅታ ተነስቶ ቢያንስ በ20 ሰከንድ ነው ከፍ የሚለው። ፍንዳታ የሚመስል ነገር አይገባም። ዝግጅት ከመኖሩ በፊት ጎረቤት በሙሉ ይነገረዋል፣ ቀበሌም ያውቃል። አንደርግራውንድ ማለት ተደብቆ ሰው ማስጨነቅ አይደለም።

ኅዳር 19፣ ድንጋይ

በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያለውን የድንጋይ ደወል ሁላችንም እያወቅነው ነው ያደግነው። በገመድ ተንጠልጥሎ በትንሽ ድንጋይ ሲመታ እንደ ብረት ይጮኻል። ሠዓሊዋ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄዳ «የኔታ፣ መቅዳት ይፈቀድልናል?» ብላ ጠየቀች። «እሱ ምእመን መጥሪያ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን ፈልጉ። ድንጋይ ሞልቷል» አሏት። ደስ ብሎን ተቀበልን።

የኛ አካባቢ ድንጋይ ባብዛኛው ባዛልት ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ከጣርማበር ስም ያወጡለት የባዛልት ዓይነት እንኳ አለ። በሬሳ ወንዝ ዳር ወርደን ስንመታ ዋልን። ከ40 በላይ መታን። አብዛኛው «ዱብ» ይልና ያበቃል። ውስጡ ስንጥቅ ያለበት ጨርሶ አይጮኽም። ሦስቱ ጮኹ። አንዱ 80 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለት ሰው በግድ ያነሳዋል። ለመሬቱ ባለቤት ነግረን በአይሱዙ አመጣነው።

ጋራዥ ሲደርስ አልጮኽ አለ። ሲሚንቶው ላይ ነበር ያስቀመጥነው። የፊዚክሱ ልጅ እንደ በትር የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁለት የማይንቀሳቀሱ ቦታዎች እንዳሉት ነገረን፤ ከየጫፉ ከርዝመቱ 22 በመቶ ያህል ላይ። ለኛ ድንጋይ 18 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እዚያ ላይ ብቻ ካረፈ ንዝረቱ አይታፈንም። በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ሞከርነው፣ ጥሩ ነው ግን ይሰምጣል። የመንዙ ልጅ ከቤተሰቡ የጓሳ ሳር ገመድ አምጥቶ ነበር፤ እነሱ ዘንድ በጓሳ ቤትም ይከደንበታል፣ ገመድም ይገመድበታል። ሁለት ክብ አድርገን ከሥሩ አነጠፍነው።

መታነው። ድምፁ ሳይጠፋ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆየ። ፒዞውን በሰም አጣበቅንበት። ሙጫ ድንጋዩን ያበላሻል፣ ሰም ግን በጣት ይነሳል።

ታኅሣሥ 3፣ የጠፋ ገንዘብ

አጭር ነው። ሚክሰሩን ያለ ምንም ግብዓት መጫወት ስንለማመድ ነበር፤ መውጫውን ወደ ራሱ መግቢያ መልሶ ማስገባት ነው። ጃፓናዊው ቶሺማሩ ናካሙራ በዚህ ነው የታወቀው። ስፒከሩ ክፍት ሆኖ ኢኪውን፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያውን፣ ነካሁት። ቀጭኑ ድምፅ ወጣና ትዊተሩ፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ ተቃጠለ። 1,800 ብር። ከአሁን በኋላ ልምምድ በሄድፎን ብቻ ነው፣ እሱም ድምፁ ተቀንሶ።

ታኅሣሥ 12፣ የሽመና ዕቃው

ከከተማው ወጣ ብሎ ባና የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የመንዝ ሰው ናቸው። የበግ ጠጉር ባለቤታቸው ይፈትላሉ፣ እሳቸው ይሸምናሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ፈቅደውልን ነበር፣ ዛሬ ሄድን።

አራት ፒዞ ለጠፍን፤ መምቻው ላይ፣ ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች ላይ፣ አንዱ ጨርቁ የሚጠቀለልበት ላይ። ጋሼ መወርወሪያውን ላኩ፣ ማጉን መቱ፣ ረገጡ፣ መለሱ። ሄድፎን ውስጥ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ድሩ ሲከፈት ዝናብ ሳር ላይ ሲወርድ ይመስላል። ምቱ ወፍራም ነው። ከምቱ በኋላ ደግሞ ከግራ በኩል «ቅጭ» የምትል ደረቅ ድምፅ አለች። አንዴ ትዘገያለች፣ አንዴ ትፈጥናለች። ከሁሉም የወደድናት እሷን ነው።

ባትሪዎቹ ውርጩን አልቻሉም። ጠዋት 9 ቮልት የነበረው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ7 በታች ወረደ፣ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። ባትሪውን ብብታችን ሥር እያሞቅን እየቀያየርን 40 ደቂቃ ቀዳን።

ታኅሣሥ 21፣ ካሴት

ቅጂውን ወደ ካሴት አዛወርኩ። የካሴት ፍጥነት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። 24 ሴንቲ ሜትር ቴፕ ቆርጬ ጫፍና ጫፉን ሳጣብቅ አምስት ሰከንድ የሚዞር ሉፕ ይሆናል። ሦስቱ ሉፖች ተቆለፉ። ስኮች ተጠቀምኩ፣ ሙጫው ቴፑን በሚያነበው የማጫወቻው ሄድ ላይ ቀረ። አራተኛው ላይ ስኮቹን ከቴፑ ስፋት ትንሽ አጥብቤ ቆረጥኩት፣ በጀርባው ብቻ ለጠፍኩት፣ ሠራ። ማጫወቻው ጠዋት ጠዋት ይዘገያል። ቺንጋው በብርድ ስለሚደርቅ ነው። በጋቢ ጠቅልለን ነው የምናሳድረው።

የ«ቅጭ»ን ሉፕ ወደ ላሜራው አስገባነው። ሰባት ደቂቃ የሚሄድ ሥራ ወጣው። የዝግጅቱ ማዕከል ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ፤ ከዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ገብቶ ያንን ድምፅ በማሚቶ እያሸ ሌላ ነገር አደረገው። በኋላ እዚህ አገር መጣ። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራርና ማሲንቆን፣ ዋሽንትና በገናን አንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠው ሰው የድምፅ ቴፕ ሥራን ከጀመሩት አንዱ ነው። ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉን መልስ አለን። ተውሶ መቅዳት፣ በማሚቶ ማሸት፤ እኛም የምናደርገው እሱን ነው።

ጥር 2፣ ጋሼ ሰሙ

ቅጂውን ልናሰማቸው ሄድን። ሄድፎኑን አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ መምቻው ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄ ድሩ ነው። ቆይ፣ ይቺ 'ቅጭ' የምትለው ማናት?»

እኛ ከወዴት እንደሆነች አናውቅም፤ የግራውን ፒዞ ብቻ አሳየናቸው። ተነሱ። ሄደው የግራውን ቋሚ በመዳፋቸው ያዙ፣ በሌላ እጃቸው መምቻውን ገፉ። እንጨቱን ከእንጨት ጋር ያሰረው ጠፍር ላልቷል። በዓይን አይታይም። ጣታቸውን ከጠፍሩ ሥር አስገቡና ቀና ብለው አዩን።

«ለዚህ ነው ለካ ባናው በግራ በኩል ሲሳሳብኝ የከረመው! እኔ ማጉን ነበር የምወቅሰው።»

ጠፍሩን ፈቱት፣ በውሃ አረጠቡት፣ በጉልበታቸው ደግፈው ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ሲደርቅ የበለጠ ይጠብቃል። እንደገና መቱ። ቅጭ የለችም።

መንገድ ላይ ክርክር ተነሳ። ሠዓሊዋ «በቀጥታ ልናጫውታት አስበን ነበር እኮ፣ አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አለች። ሐሳባችን በዝግጅቱ ቀን ዕቃውን ጋራዥ አምጥተን ጋሼ እየሸመኑ እንድንጫወት ነበር። ሌላ ጠፍር ሆን ብለን እናላላ ያለም ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። የሰው እንጀራ ነው። ያለን ካሴቱ ብቻ ነው፤ ካሴቷ ውስጥ ያለችው ቅጭ ደግሞ ከዛሬ በኋላ የትም የለችም። ሉፑ ቢበጠስ ብዬ ያን ማታ ሦስት ቅጂ አወጣሁ።

ጥር 18፣ ዝግጅቱ

34 ሰው መጣ። የጋራዡን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንን፤ በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ መዋስ አይቸግርም። የድምፁን መጠን 85 ዴሲቤል ላይ ያዝነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ጆሮ የሚችለው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። በስልክ አፕ እየለካን ነው የሠራነው፣ ትክክለኛ ሜትር የለንም። እትዬ ከሁለቱ ልጆች ጋር መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ትንሿ ልጅ ድንጋዩን እንድትመታ ፈቀድንላት። አንዴ መታችና ጆሮዋን አስጠጋች። ሁለተኛ አልመታችም፣ እስኪያልቅ ጠበቀች።

ጋሼ አንድ ሰዓት ከሩብ ሸመኑ። የሳቸው ዕቃ በስፒከር፣ የድሮው ዕቃቸው በካሴት። ሁለቱ ምቶች አይገጥሙም፣ አንዳንዴ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ቅጭዋ ከላሜራው ውስጥ ረዝማ ስትመጣ አንገታቸውን ወደ ግራ ዞር ሲያደርጉ አየሁ። ከልማድ ነው፣ ጠፍሩን ማየታቸው ነው።

የተበላሸ፦ አንድ ባፈር፣ ሽቦው ተረገጠ። ድንጋዩ መሀል ላይ ከገመዱ ተንሸራቶ ታፈነ፤ ለሚቀጥለው ገመዱ መሬት ላይ ይታሰር። ላሜራው ሳይበሳ ለባለቤቱ ተመለሰ። ጠቅላላ ወጪ 7,260 ብር፣ ከሰው የተዋጣ 3,100። የቀረውን እኛ ነን።

የካቲት 4

አንዱን ባፈር ከሄድፎንና ከሁለት ፒዞ ጋር ጋሼ ቤት ትቼው ነበር፣ ራሳቸው ጠይቀውኝ። ዛሬ አዲስ ባትሪ ወሰድኩላቸው። የመጀመሪያው አልቋል። ፒዞዎቹን ከግራው ቋሚ አንስተው በሰም ቀኙ ላይ ለጥፈዋቸዋል።

«እዚህኛውም ላይ አንድ ነገር አለ» አሉኝ፣ «ግን ገና አልለየሁትም። ተቀመጥ፣ አንተም ስማ።»